ሐረጎን በጠፋ ሞተር

ፍሬን ሲቃጠል ምን እንደሚሸት የማያውቅ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም። እንደ ተቃጠለ ጎማ ነው፣ እንደ ተቃጠለ ፀጉርም ነው፤ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ የሚያቅለሸልሽ ነገር። በቀደም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ ያ ሽታ በመስኮት ገባ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ምንም አልሸተተውም። ስልኩ ላይ የጃፓንን ፈጣን ባቡር እያየ ነበር።

«ጋሼ፣ ፍጥነቱን አዩልኝማ!» ብሎ ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለ።

የባቡሩን ሹል አፍንጫ ገና ሳየው አወቅሁት። የጉርምስና ዘመን ወዳጄ ነው። ስለዚያ ባቡር የሚያወራ ሁሉ ስለ ፍጥነቱ ያወራል፤ እኔ ግን የወደድኩት ፍሬኑን ነበር። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ፈሪ ሰው ስለ ፍሬን አይቀልድም።

አባቴ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ኮምቦልቻ የሙያ ትምህርት ስለጀመርኩ በየጠዋቱ አብሬው መውረድ ጀመርኩ። ሐረጎ አፋፍ ላይ፣ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ከመዞሩ በፊት፣ አባቴ መኪናዋን ዳር ይዞ ያቆማል። ዱዓ ይደረጋል። ዱዓ የሚያደርጉት የዘወትር ተሳፋሪያችን የነበሩት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ። አባቴ የደብተራ ልጅ ነው። እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል፣ ከዚያ ያማትባል። ይህ ወሎ ውስጥ ማንንም አይደንቅም።

የሚደንቀው ሌላው ነው። የሽማግሌው ድምፅ ደከም ያለ ስለነበር፣ ጸሎቱ ከኋላ ላሉትም እንዲሰማ አባቴ ሞተሩን ያጠፋ ነበር። አክብሮት ነው። ሲጀመር አክብሮት ብቻ ነበር። ከዚያ ግን አሚን ከተባለ በኋላ ሞተር ማስነሣት ነዳጅ ማባከን ሆኖ ታየው። ታች ድረስ ቁልቁለት ነው፤ መኪናዋ ራሷ ትወርዳለች። እናም የመጨረሻው አሚን ሲባል የእጅ ፍሬኑን ለቀቅ ያደርጋል፣ ሚኒባሷም ድምፅ ሳታሰማ መንሸራተት ትጀምራለች። ተሳፋሪዎች «በዱዓ የምትሄደዋ» ይሏት ነበር። ይኮሩባታል።

እኔ በፍርሃት እሞትባት ነበር። ሞተር ሲጠፋ የሚመጣውን ጸጥታ ልነግራችሁ አልችልም። መጀመሪያ ጎማው አስፋልቱን ሲልስ ይሰማል። ቀጥሎ ነፋሱ በበሩ ክፍተት ማፏጨት ይጀምራል፣ ፉጨቱም በየመታጠፊያው እየቀጠነ ይሄዳል። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ሞተር ሳያግዘው ብቻውን በሚግለው ፍሬን ሽታ ይዋጣል። ዙሪያዬ ያሉት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ፤ አንዷ እናት ታንቀላፋለች። የምፈራው እኔ ብቻ መሆኔ ፍርሃቴን እጥፍ ያደርገው ነበር። ከክፍል በኋላም አያርፍልኝም። አባቴ እስኪመለስ ስንት ጊዜ ወጥቶ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ እያሰብኩ ምሳዬን እበላለሁ።

ፍርሃቴን ያወቁብኝ ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። «አብሽር፣ ልጄ» ይሉኝና ደረቅ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ያሳርፋሉ። አንድ ቀን፣ ጨርቅ ተጠቅልሎበት የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሔት ሰጡኝ። «አንተ ለንባብ አይንህ ይቁለጨለጫል፤ ይኸውልህ። ፍርሃትህንም ይዞልህ ይሂድ።»

ውስጡ ያ ባቡር ነበር። ያኔ አዲስ ነው፤ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይበራል ይላል። ከዋሻ ሲወጣ የታመቀው አየር እንደ መድፍ እየጮኸ የመንደሩን ሰው ስላስቸገረ፣ ከመሐንዲሶቹ አንዱ ውኃ ሳታንቦጫርቅ ጠልቃ ዓሣ የምታወጣ ወፍ አይቶ የባቡሩን አፍንጫ እንደ ምንቃሯ አሹሎት ኖሯል። ይህን አንብቤ አለፍኩት። ደጋግሜ ያነበብኩት ከቀደምቶቹ ባቡሮች ስለወረሰው ፍሬን የተጻፈውን ነው። በዚያ ፍጥነት የመንገድ ዳር ምልክት ማንበብ ስለማይቻል ምልክቱ ሹፌሩ ፊት ይበራለታል። ከተፈቀደው በላይ ከፈጠነ ባቡሩ ሳያስፈቅደው ፍሬኑን ይይዛል። የሚነዱት ሞተሮች ራሳቸው ተመልሰው ያስቆሙታል። ምድር ብትንቀጠቀጥ ኃይሉ ይቋረጣል። እነዚያ ሰዎች ከመሮጣቸው በፊት ስለ መቆም አስበዋል ማለት ነው። እኔ የምፈራውን ሁሉ ቁጭ ብለው፣ ሳያፍሩ፣ ፈርተውታል። በዓለም ላይ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ለአባቴ ነገርኩት።

«ባቡሩ ራሱ የሚቆም ከሆነ ሹፌሩ እዚያ ምን ይሠራል? እንቅልፉን ይተኛል?»

«ሹፌር ሊሳሳት ይችላላ፣ አባባ።»

«የጃፓኑን አላውቅም» አለ፤ ቀኝ ጭኑንም መታ መታ አደረገ። «ይኼ እግር ግን እስከዛሬ አልተሳሳተም።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

መስከረም ጠብቶ እንኳ ጉሙ ሐረጎን አልለቀቀም ነበር። ያን ቀን ጣሪያው ላይ የነጋዴው ጣቃ ጨርቅ ተቆልሏል፣ ውስጡም ሰው በሰው ላይ ነው። እኔ ከአባቴ ኋላ፣ ሽማግሌው ከጎኔ። ሞተሩ ጠፋ። ዱዓው ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ መንገደኛው ሁሉ ሆነና ረዘም አለ። አሚን። መኪናዋ ወደ ነጩ ጉም ተንሸራተተች።

ሽታው ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ከዚያ ፉጨቱ። ቀጥሎ የአባቴን የቀኝ ጉልበት አየሁ፤ ወረደ፣ ተነሣ፣ እንደገና ወረደ፣ ወለሉን ነካ። ምንም አልተለወጠም። ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሣ። ማርሽ ሊያስገባ ሲል ብረት ከብረት ሲፋጭ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። አልገባም። የእጅ ፍሬኑን ጎተተው፤ ጢስ ብቻ ሆነ። የሽንኩርቱ ወሬ ተቋረጠ። ያን ጊዜ አሁንም አስታውሰዋለሁ፦ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ፈራ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ያም ምንም አልጠቀመኝም።

በቀኛችን ገደሉ ነው። በግራችን፣ ከተቃራኒው መስመር ማዶ፣ ተራራው። ከታች የጭነት መኪና ይምጣ አይምጣ በዚያ ጉም ውስጥ የሚያውቅ የለም።

«ያዙ!» አለ አባቴ። ጮኾ አይደለም። መሪውንም ወደ ግራ ሰበረው።

መስመሩን አቋረጥን። ሽማግሌው ክንዴን ጨብጠው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ሲሉ ይሰማኛል። አባቴ የመኪናዋን ጎን ከተራራው ጋር አላተመውና ያፋትገው ጀመር። ያ ጎን የራሱ ጎን ነው፤ መሪው ያለበት። የመስኮቱ መስታወት ረገፈ፣ ድንጋይና እርጥብ አፈር ፊታችንን መታው፣ ቆርቆሮው እንደ እንስሳ ጮኸ። ከዚያ መኪናዋ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ዘመም ብላ ቆመች።

ከእኛ የሞተ የለም። የአባቴ ግራ ክንድ ግን በበሩና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ ነበር።

ሽማግሌው ወርደው መንገዱ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ሲያለቅሱም እየተቆጡ ነበር፤ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዱዓ አደረግሁ እንጂ ሞተር አጥፋ መች አልኩህ? ወላሂ፣ አላህ ሞተር እየጮኸም ይሰማል!»

አባቴ ደሴ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ጠያቂ ሁሉ ጀግና እያለው ወጣ። እኔ ግን ቃሉን ጠላሁት፣ እስከ ዛሬም አልታረቅሁትም። ያ ባቡር ሹፌሩን ክንድህን ትሰጣለህ ወይስ ተሳፋሪህን ብሎ አይጠይቀውም። ከአሠራሩ ብልሃት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ አለመጠየቁ ነው። ጠያቂዎቹ ሲወጡልን አባቴ ወደ እኔ ዞረና፣ «ያ ባቡርህ፣ መንገዱ ላይ ገደል አለው?» አለኝ።

«ገደሉን በድልድይ ያልፈዋል።»

«እንዲህማ ከሆነ ሹፌሩ ይተኛ» አለ። ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። ፍርሃቴም ከእኔ ወጥቶ እሱ ውስጥ ገባ። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ለሥራ ስወርድ ስልክ ይደውላል። «ደረስህ?» አይልም። «ቆመች?» ነው የሚለው። «ቆማለች፣ አባባ» እስክለው ሌላ ነገር አይሰማም። የምትወርደው መኪና አይሱዙ ትሁን አውቶቡስ፣ ለእሱ ያቺው ናት።

የባቡሩንም ዜና ይጠይቀኝ ነበር፣ እንደ ሩቅ ዘመድ። እድሜውን ከኢንተርኔት እየተከታተልኩ ነገርኩት። ለመሥራት ውድ ሆኖ ብዙ እንዳልተሠራ፤ ክብ ወገቡ መስኮት ዳር የተቀመጠውን ሰው ራስ እንደሚያጣብብ፤ አዳዲሶቹ መጥተው ከፈጣኑ መስመር እንዳወረዱት፤ ፉርጎዎቹን በግማሽ ቀንሰው በየጣቢያው በሚቆመው አገልግሎት እንዳሰማሩት።

«በየጣቢያው ይቆማል?»

«አዎ። ቆሞ ፈጣኖቹን ያሳልፋል።»

«ጥሩ እርጅና ነው» አለ። ደህና በሆነው እጁ የማይታዘዘውን እጁን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

አሁን ባቡሩን ጨርሰው ሊያሰናብቱት ነው ይላሉ። ይህን አልነገርኩትም፤ ዜናው ሲመጣ አባቴ በሕይወት አልነበረም። ሽማግሌውም ከእሱ ቀድመው ሄደዋል።

በቀደም ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ጨርሶ የኮምቦልቻ ሙቀት በመስኮት ሲገባ ቀኝ እግሬ ወለሉን ተጭኖ ደንዝዞ አገኘሁት። ሚኒባሱ ሲቆም ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከቶ ወረደ። እኔ የራሴን ስልክ አወጣሁና እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ።

«ቆማለች» አልኩ።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «አዎ ጋሼ፣ ቆማለች» አለ። «ይውረዱ፣ አይፍሩ።»