ለረዳቱ ያልተቆጠረው ወንበር

ወልቂጤ ውስጥ እኛ ጡረታ የወጣን ሾፌሮች ትንሽ ዕድር አለችን። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንዱ አባላችን አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ፣ የድሮ የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የሚታዩበት ሙዚየም ገብቶ ነበርና ፎቶውን በስልኩ ይዞልን መጣ። አፍንጫዋ የወጣ፣ ከኋላዋ የብረት መሰላል ያላት አውቶብስ ናት። ከወልቂጤ ቡታጅራ በአረቅጥ በኩል ስነዳት የኖርኩት ዓይነት። ራሷ ትሁን እህቷ መለየት አልቻልኩም፤ ብቻ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አብረን ሄደን እንያት ተባባልን። ሚኒባስ እንከራይ፣ በጠዋት እንነሳ፣ ቁርሳችንን ወሊሶ እንብላ፤ ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ጣለ። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ነገር ነበር። የተናደድኩት ስም ሲጻፍ ነው።

ሊቀመንበራችን አሥራ ሁለት ስም ጻፈና ደብተሩን ዘጋ። አሥራ ሁለታችንም ሾፌር የነበርን ነን። የእኔስ ረዳት አልኩት። ረዳቴ ቡታጅራ የሚኖር የስልጤ ሰው ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለና፣ "ረዳት ደግሞ መቼ ወንበር ኖሮት ያውቃል? በሩ ላይ ይቆማላ፤ ለምዶታል" አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ በጠባዬ ቁጡ አይደለሁም፤ መንገድ ላይ እንኳ የሰደበኝን ሰላም ብዬ ነው የማልፈው። ያን ቀን ግን የያዝኩት ሻይ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሰው እንዴት በዚህ ይስቃል? ያ ሰው እኮ በአንድ እግሩ እያነከሰ ነው የሚሄደው። ከቡታጅራ ወደ አረቅጥ ያለው ዳገት ያኔ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው። መኪናዋ አቅም ስታጣ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ታኮውን፣ ያን ወፍራም እንጨት፣ ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። አንድ ቀን እንጨቱ ተንሸራተተ፤ ጎማው የእግሩን ጣቶች ይዞ ቆመ። እሱ ታኮውን አልለቀቀም። ሃምሳ የሚሆን ሰው ይዤ ወደ ገደል ሳልሄድ የቀረሁት በእሱ እግር ነው። ይህንን እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ። የየራሳቸውም ረዳት እንዲሁ ታኮ ተሸክሞ ነው የኖረው።

ተነስቼ ወጣሁ። በማግስቱ መኪና ተሳፍሬ ቡታጅራ ሄድኩ። ወንበሬን ለእሱ ልሰጠው ወስኛለሁ። መንገዱን ሁሉ እነዚያን ሰዎች በሆዴ እየረገምኩ፣ እውነቱን ለመናገር ራሴን ደግሞ እንደ ደግ ሰው እየቆጠርኩ ነው የሄድኩት።

ደጁ ላይ ተቀምጦ ከአሮጌ ጎማ ለአህያ ጭነት የሚሆን ማሰሪያ ይቆርጣል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ልጆቼን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ስለ ሙዚየሙ ነገርኩትና ወንበሬን ሰጥቼሃለሁ፣ አንተ ሂድ፣ እኔ እቀራለሁ አልኩት። የተባለውን ቀልድ ልደብቀው ብዬ ነበር፤ ሳላስበው አመለጠኝ። እሱ አልተገረመም። ቢላዋውንም አላቆመም።

"የእርስዎን ወንበር አልፈልግም፣ ጋሼ" አለኝ። "የተረፈዎትን ስቀበል ነው የኖርኩት። የሚጽፉኝ ከሆነ በስሜ ይጻፉኝ።"

የተረፈኝን ማለት ምን ማለት ነው አልኩት፤ ከፍቶኝ ነበር። የአረቅጡን ምሳ አነሳብኝ። ያኔ አረቅጥ ስንቆም ሾፌር ምሳውን በነጻ ነው የሚበላው፤ ተሳፋሪ ይዞላቸው ስለሚመጣ ባለ ምግብ ቤቶቹ አያስከፍሉትም። እሱ ውጭ መሰላሉ ሥር ቆሎውን ይቆረጥማል። እኔ ክርስቲያን እሱ ሙስሊም፣ ሥጋችን አይገናኝም፤ ስለዚህ ነው አብረን የማንበላው ብዬ ነበር የማምነው። ይህንኑ ነገርኩት።

ያኔ ቢላዋውን አስቀመጠ። "ሥጋውስ ይሁን፣ ጋሼ። የረቡዑ ሽሮስ?"

ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ነኝ፤ ሽሮ ነው የምበላው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ ና ግባ፣ አብረን እንቁረስ አላልኩትም። ወደ ወልቂጤ ስመለስ ንዴቴ አልበረደም፤ የምናደድበት ሰው ግን ተጨመረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተነስቼ ነገሩን እንዳለ ተናገርኩ። የሽሮውንም አልደበቅኩም። በስሙ ካልተጻፈ የእኔም ስም ይሰረዝ አልኩ። የሳቀ የለም። አንዱ ኮስተር እንከራይ አለ፣ ሰፋ ያለ ነው። ሊቀመንበሩ እንዲህ ከሆነማ የሁላችንም ረዳት ሊመጣ ነው ሲል፣ "ይምጣ" አልኩት። "ሥራ ላይ ሳሉ ብዙ ናቸው ብለህ ታውቃለህ?"

ደብተሩን እንደገና ከፈተ። የረዳቴን ስም ከነአባቱ ጻፈ። ቀጥሎ የእያንዳንዳችሁን ንገሩኝ አለ። አንዱ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራውን ሰው ጉንችሬ አካባቢ ነበር ከማለት በቀር ቅጽል ስሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላው እኔ እንጃ አለ። ሊቀመንበሩ ራሱ የእሱ ረዳት ማረፉን ሰምቶ ለቅሶ እንዳልደረሰ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አላየንም። ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር፤ አላሳዘነኝም፤ የባሰ ነደደኝ። መኪናዋን የጎማ ቁጥሯን ሳይቀር እናስታውሳለን።

የጉዞውን ቀን ሳንቆርጥ ተለያየን፤ መጀመሪያ ሰዎቹ ይፈለጉ ተባለ። ማታውን ለረዳቴ ደወልኩለትና በስምህ ተጽፈሃል አልኩት። እሺ አለ፣ ድምፁ ላይ ምንም አልነበረም። መቼ ነው አለኝ። የጉንችሬውን ሰው እየፈለግን ነው፣ ስሙ ጠፍቶብን ብዬ ቅጽል ስሙን ብጠራለት፣ ወዲያው ስሙን ነገረኝ። የአባቱንም፣ የአያቱንም። ገበያው ዳር ሱቅ አለው፣ በሕይወት አለ፣ ሚስቱ አምና ታማ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። የሌሎቹንም አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ማን እንደ ሞተ፣ ማን የት እንዳለ። እኔ ብዕር ፍለጋ ተነሳሁ።

ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ማን ጠይቆት ያውቃል።