የኮሜዲያኑ ዋስ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ምሳ የበላነው ረቡዕ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኩን በጨው ዕቃው ላይ አስደገፈውና ቆጮና ጎመን እየበላን አንድ ቃለ መጠይቅ አየን። በዚያ ሳምንት አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚሁ ቃለ መጠይቅ ነበር። አንድ ታዋቂ ኮሜዲያን ዘፋኝ የሆነችውን ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ አማቱ ከገጠር ሊጠይቋቸው የመጡ ጊዜ ሊፍት ውስጥ መግባት ፈርተው እንዴት እንዳለቀሱ ድምፃቸውን እያስመሰለ ያሳያል። ጠያቂው በሳቅ ይፈርሳል። ዘፋኟ ትንሽ ፈገግ ብላ ትቆይና ማይኩን ከልብሷ ላይ ነቅላ፣ ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀምጣ ትወጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም ተባለ።

«ይኼ ሰው ዋስ አያገኝም» አልኩት።

«እኔ አለሁለት።»

«አንተ ደግሞ! የወለደቻትን እናት እኮ ነው መሳቂያ ያደረገው።»

«አየሁ እንጂ። አጥፍቷል። ዋስ የሚያስፈልገው ላጠፋ ሰው አይደል እንዴ? ላላጠፋማ ምን ያደርግለታል?»

ኮሜዲያኑ እሁድ ዕለት ወጥቶ እንደሚናገር አስታውቆ ነበር። ባለቤቴ እስከ እሁድ ቀጠሮ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ሲወጣ ከበሩ ላይ ዞሮ፣ «ዳኛዋ፣ የሻይ ቅጠል አልቋል፤ መሸነፍሽ ስለማይቀር ከአሁኑ ግዢ» አለኝና ዲሽ ሊያስተካክል ወደ ጉብሬ ሄደ። ማታ ደክሞት መጣ፤ ብዙም ሳናወራ ተኛን። ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ ደረቱን ያዘ። በባጃጅ ሲወሰድ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

ስለ ዋስና ስለ ቀጠሮ የማወራው ነገር ግራ እንዳያጋባ ከመነሻው ልናገር።

ባለቤቴ እዚህ ወልቂጤ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ዲሽ የሚሰቅል ሰው ነበር። ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ቴሌቪዥን ለሙከራ ተከፍቶ ስለሚውል የታዋቂ ሰዎችን ወሬ ቀድሞት የሚሰማ አልነበረም። በዚያ ላይ ነገር ጨርሶ የሚሰማ ጆሮ ስለነበረው ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና ይጠሩት ነበር። እኔ መምህር ነኝ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ከሰሜን መጥቶ ቡታጅራ የቀረ ሰው ነው፤ ባለቤቴ የእንሴኖ ልጅ ነው። የሽምግልናን ወግ የተማርኩት ከእሱ ነው። እሱ ባደገበት ወግ ሁለት ጠበኞች ሲቀርቡ ከሁሉ በፊት ዋስ ይጠራሉ። ዋሱ፣ «ይህ ሰው የተፈረደበትን ይፈጽማል፤ ባይፈጽም እኔን ያዙኝ» ብሎ የሚቆም ነው።

ወጉን ወደ ሳሎናችን ያመጣነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። አንዲት ተዋናይት ከባሏ ስትፋታ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ስወርድባት፣ «ዋስ እንኳ ሳትጠሪላት ትፈርጂባታለሽ?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። ዋስ የሌለው ሰው በቤታችን አይፈረድበትም። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በገዛ አፉ፣ ለበደለው ሰው ይናገራል። ሰውየው ይህን ካላደረገ ዋሱ፣ ካደረገ ደግሞ ተከራካሪው ለአንድ ሳምንት ሻይ ያፈላል።

እኔ ፍፁም ቅጣት ምት ስቶ አገር የሰደበው አንድ ተጫዋች ዋስ ሆኛለሁ፤ ኳስ ሳተ እንጂ ሰው አልበደለምና በነፃ አሰናበትነው። ባለቤቴ የሰው ዜማ ወስዶ «የራሴ ነው» ላለ ዘፋኝ ዋስ ሆነ። ዘፋኙ ከወር በኋላ ሌላ ዜማ ወሰደና ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ሻይ አፈላ። ቅርንፉድ ስለሚያበዛ ሻዩ ምላስ ያደነዝዛል። ስለ ነዳጅ ወረፋ፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ሚሊዮን ብር ሠርግ ሁሉ ተከራክረናል፤ ከሁሉ የከረረው ግን የታዋቂዎቹ ትዳር ነበር። የሰው ገመና ማየት ነውር ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን በእነዚያ በማናውቃቸው ሰዎች ጠብ ባይሆን ኖሮ ባለቤቴ ስለ ትዳር ምን እንደሚያስብ የማውቅበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ስለ ራሳችን ሲሆን ዝምተኛ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፃችን በጣም ከፍ ብሎ ኖሯል። «ትፍታው! ከዚህ በላይ ምን ትጠብቃለች?» ስል፣ እሱም «ልጆቹን ለማን ትታ ነው የምትሄደው?» ሲል ጎረቤታችን በአጥሩ ሰማች። ቤታችን የፈረሰ መስሏት ሮጣ ሦስት ሽማግሌ ይዛ መጣች። ከዘራቸውን ይዘው ሳሎናችን ሲገቡ ሁለታችንም ተነሥተን ቆምን።

«ተቀመጡ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ልጄ፣ በደልሽን ተናገሪ። አትፈሪ።»

«አባባ፣ እኔ አልተበደልኩም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። እህ፣ ትፍታው የተባለችው ማን ናት ታዲያ?»

ባለቤቴ በእጁ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ። ጎረቤታችን በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከሦስቱ አንደኛው፣ «ለዚህ ነው ከገበያ የጠራሽን?» ብለው ተቆጡ። ትልቁ ሽማግሌ ግን ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተመቻቹና፣

«ለመሆኑ ልጅቱ ዋስ አላት?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ።

«ደግ። በይ አስረጂን።»

ነገሩን አንድ ሰዓት ሰሙ። ፍርድም ሰጡ፤ ልጅቱ ለሦስት ወር እናቷ ቤት ትቆይ፣ ባልየው እየሄደ ይጠይቃት አሉ። ከዚያ ወዲህ እኚያ ሽማግሌ መንገድ ላይ ባገኙን ቁጥር ከሰላምታ በኋላ፣ «ያቺ ልጅ ታረቀች?» ይሉ ነበር።

ባለቤቴን አርብ ቀበርነው። እሁድ፣ በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ከሰው መሀል የዚያን ኮሜዲያን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሰው ስልኩን ዝቅ አድርጎ ከፍቶት ነው። የባለቤቴ እህት አጠገቤ ነበረች፤ በዓይኗ ገሠጸችውና ዘጋው። እሷ ለኀዘኔ ብላ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ጆሮዎቼን በእጆቼ ይዤ ነበር። የሚናገረውን ከሰማሁ ችሎቱ ይዘጋል፤ ችሎቱ ከተዘጋ ከባለቤቴ ጋር ጀምሬው ያላለቀ አንድም ነገር አይቀረኝም።

ስለዚህ አልሰማሁም። ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፈንኩት። ትምህርት ቤት መምህራኑ ስለ ኮሜዲያኑ ሲያወሩ ደብተር ይዤ እወጣ ነበር። ዘፋኟ ትመለስ አትመለስ ሳላውቅ ወራት አለፉ። ሰው፣ «ኀዘኑ ከሰው አራቃት» አለ። እኔ የራቅሁት ከአንድ ፍርድ ነበር።

አንድ ቀን ትልቁ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ መጡ። የተሸፈነውን ቴሌቪዥን አዩት።

«አልሠራ ብሎሽ ነው?»

«ይሠራል አባባ። ቀጠሮ ላይ ነን» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። 

«ዋስ ሲሞት ነገሩ እንዲሁ አይንጠለጠልም» አሉ። «ሌላ ዋስ ይተካል። ሰውየውን ያለ ዋስ ትተሽው ይኸው ስንት ወርሽ። ይኼ ደግሞ የባልሽ ወግ አልነበረም።»

ሲሄዱ ጨርቁን አነሣሁት። የእሁዱን ንግግር በስልኬ ፈልጌ፣ ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት። ኮሜዲያኑ ጥቁር ለብሷል፣ ዓይኑ አብጧል። «ውድ ተከታዮቼ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። «አድናቂዎቼን አሳዝኛለሁ» አለ። መሀል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ተመልሶ አለቀሰ። የሚስቱን ስም ሁለቴ ጠራ። ሊፍቱ ውስጥ ያለቀሱትን እናት ግን አንድም ጊዜ አላነሣቸውም።

ታዋቂ ሰዎቻችን እንዲህ ናቸው። የሚበድሉት ሌላውን፣ ይቅርታ የሚጠይቁት ተከታያቸውን። እኛም ተከታዮቹ ማን ተበደለ ሳንል «ይቅር ብለንሃል» ወይም «አንልም» እንላለን። ስልክ ያለው ሁሉ ዳኛ ነው፤ ከቪዲዮው ሥር በተጻፈው አስተያየት ሁሉ ውስጥ «እኔን ያዙኝ» የሚል አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

በደንባችን መሠረት ባለቤቴ ተሸንፏል። የሳምንት ሻይ አለበት። ይህን ሳስብ በመጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ «ይኸው፣ አላልኩህም?» ብዬ ወደ ወንበሩ ዞርኩ። ወንበሩ ላይ ያልታጠፈ ልብስ ነበር። ብዙ አለቀስኩ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ የድንኳኑን አይመስልም። በድንኳኑ ውስጥ ያለቀስኩት ለሞተ ባሌ ነበር፤ ይኼኛው ተከራክሬ ለረታሁት ሰው ነው። እሱ ቢኖር ምን እንደሚል ደግሞ አውቀዋለሁ። «ገና አልጨረሰም፤ ሌላ ቀጠሮ ስጪው» ይል ነበር። ለዚያ ለዜማ ወሳጁ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ጠይቆለታል። ለእኔም፣ ስንጋባ ሰሞን አፈ ስል በነበርኩበት ጊዜ፣ እናቱ ፊት ዋስ ሆኖልኝ እንደነበር ከእህቱ የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው።

ዘፋኟ እስካሁን አልተመለሰችም። ኮሜዲያኑ ፕሮግራሙን ቀጥሏል፤ እሁድ እሁድ ይቀርባል። ቀልዱ አሁንም አያስቀኝም፤ ድሮም አያስቀኝም ነበር። ሽማግሌው በየመንገዱ፣ «የእናትየውን ነገር አነሣ?» ይሉኛል። «ገና ነው አባባ» እላቸዋለሁ።

አሁን የኮሜዲያኑ ዋስ እኔ ነኝ። እሁድ ሲደርስ ሻይ አፈላለሁ፣ ቅርንፉድ አበዛበታለሁ፣ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየዋለሁ።