የማይጾም መስመር

ሩወይዳ በመጀመሪያ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ከዚያ አሥራ አራት ዓመት የሦስት ልጆች እናት ብቻ ሆነች። «ብቻ» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ለሥራ ስታመለክት የጠየቃት ሰውዬ ነው። ኢንጂነር ባሲል ይባላል። አማን ከተማ፣ ሽመይሳኒ ሰፈር፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለው ፎቅ፣ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ መሥሪያ ቤት አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ጉድለቱን የምትፈትሽ አድርጎ ለሙከራ ቀጠራትና «ከዒድ በኋላ እናያለን» አላት።

ደመወዙ ያስፈልጋት ነበር። ከደመወዙ ይልቅ ግን ጠዋት ለባብሳ የምትወጣበት፣ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ቦታ አምሯት ነበር። ይህን ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

የሚሠሩት የውሃ ተራ የሚናገር የስልክ ፕሮግራም ነው። አማን ውስጥ ውሃ የሚመጣው በየሰፈሩ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የጣሪያ ታንከሩን ያልሞላ፣ ልብሱን ያላጠበ፣ ሳምንቱን ሙሉ የጎረቤት ፊት ያያል። ፕሮግራሙ «ነገ ተራችሁ ነው» ይላል፤ ተራው ከተለወጠም «ተዛውሯል» ብሎ ያስጠነቅቃል። እንዲያ ነው የታሰበው።

ምን ያህል ሥራ እንደቀረ የሚታየው በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ነበር። በርንዳውን ቻርት ነው ስሙ፤ እነሱ «ቁልቁለቱ» ይሉታል። በግራ በኩል ያልተፈተሸው ሁሉ ወደ ላይ ይቆለላል፣ ከታች ቀኖቹ ይደረደራሉ። ኢንጂነሩ ከቁልሉ ጫፍ እስከ ዒድ ዋዜማ አንድ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር በማስመሪያ ስቧል፤ ያ ዕቅዱ ነው። ሩወይዳ ደግሞ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት የዕለቱን አረንጓዴ ነጥብ አድርጋ ከትናንቱ ጋር በመስመር ታገናኛለች፤ ያ በእርግጥ የተሠራው ነው። አረንጓዴው መሬት የነካ ቀን ኢንጂነሩ ቀጣይፍ የሚባለውን የረመዳን ጣፋጭ ይጋብዛል።

ረመዳን ገባና የሥራው ሰዓት አጠረ። ቡና የለ፣ ውሃ የለ፤ ከቀትር በኋላ የሁሉም ዓይን ሰዓቱ ላይ ነው። አረንጓዴው መስመር ከጥቁሩ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ኢንጂነር፣ ይቺ ጥቁር መስመር አትጾምም እንዴ?» አለ ዑደይ፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው።

«አንተን ነው የምትጠብቀው። ጃኬትህ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።»

ሳቁ ሳይበርድ ኢንጂነሩ ወደ ሩወይዳ ዞረ፤ የሚጠራት በልጇ በቀይስ እናትነት ነው። «ኡም ቀይስ፣ አረንጓዴው ለዒድ መሬት ከነካ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ። ካልነካ ግን ለሙከራ የገባ ሰው ማቆየት አልችልም፤ ከአሁኑ እወቂው።»

ከዚያ ወዲያ መስመሩ ወረደ። እንዴት አይወርድ! ቁልቁለቱ ስንት እንደቀረ እንጂ ምን እንደቀረ አይናገርም። ሁሉም ቀላል ቀላሉን ይመርጥ ጀመር፤ ቀለሙ ልክ ነው ወይ፣ ስም ይጽፋል ወይ፣ ሲነኩት ይከፈታል ወይ። ይባስ ብሎ ተፈትሾ የወደቀውም ያው «ተፈትሿል» እየተባለ ከቁልሉ ይነሳ ነበር። ሩወይዳም ከነሱ ጋር አነሳች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ በየቀኑ ነጥቧን ዝቅ ስታደርግ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቀን ቤት ስትገባ አማቷ ሐጃ ፈውዝያ እርጥብ መጋረጃ በሳፋ ይዘው ተቆጥተው አገኘቻቸው።

«ሰኞ ነው ሲሉን ቅዳሜ መጥቶ ሄደ! ሳሙና ውስጥ ነክሬው ቀረሁ። ያንቺ ፕሮግራም ይሄን ይነግረኛል?»

«ኢንሻአላህ ሐጃ።»

«ኢንሻአላሁንማ እኔም እችላለሁ። ይነግረኛል ወይ ነው ያልኩሽ?»

ሩወይዳ ሳፋውን ተቀበለቻቸው። ተራ ሲዛወር ምን እንደሚሆን የሚፈትሹት ሙከራዎች ናቸው የወደቁት፤ ከቁልሉ ካነሱት ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። ኢፍጣሩን በላች፣ ምኑም አልጣማትም።

በማግስቱ የወደቁትን ሁሉ ወደ ቁልሉ መለሰች። አረንጓዴው መስመር መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ሽቅብ ተመዘዘ። የገዛ ሥራዋን እየሰረዘች እንደሆነ ታውቃለች።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ኢንጂነሩ። «ቁልቁለት ሽቅብ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወድቀው ሳለ ያነሳናቸውን ነው የመለስኳቸው። ተራ ሲዛወር መልእክቱ አይደርስም።»

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ኡም ቀይስ! በረመዳን ደግሞ ማን ተራ ያዛውራል?»

«ቧንቧው ረመዳን መግባቱን በምን ያውቃል?»

ዑደይ ሳቁን ለመደበቅ ስክሪኑ ላይ አቀረቀረ። ኢንጂነሩ ፊቱ ቀላ። «እሺ! ዛሬውኑ የሚስቴ ስልክ ላይ እጭነዋለሁ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ከሠራ መስመሩን ወደነበረበት ትመልሺና ከዒድ በኋላ ቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

«ካልሠራስ?»

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሩወይዳ መስመሩን አልነካችውም። ከዑደይ ጋር ተቀምጣ ከባድ ከባዱን ትፈትሽ ጀመር። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል፤ አረንጓዴው እዚያው ለጥ ብሎ ቆመ። የጠረጴዛዋን መሳቢያ ባዶ አደረገች፤ ሰው እያየ ዕቃዋን መሰብሰብ አልፈለገችም።

ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነሩ አርፍዶ መጣ። ጺሙን አልተላጨም፣ ሸሚዙ የትናንቱ ነው። ሄዶ መስታወቱ ፊት ቆመ።

«ሚስቴ ለዒድ ብላ ምንጣፉን ሁሉ ሳሙና ቀብታ ተራችንን ትጠብቃለች» አለ። «ለካ ቧንቧ ፈንድቶ ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል። ስልኩ ዝም! ማታ ለኢፍጣር ቤቱን የሞላ እንግዳ ነበረብን። ወላሂ፣ አባቷ ለሶላት የሚታጠቡበት ጠፍቶ በታሸገ ውሃ ውዱእ አደረጉ!»

«ቧንቧውም አልጾመማ» አለ ዑደይ።

ማንም ሊስቅ አልደፈረም፤ መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ኢንጂነሩ ነው። ከዚያ መጥረጊያውን አንስቶ ጥቁሩን መስመር ከላይ እስከ ታች አጠፋው፤ ማስመሪያውን ለሩወይዳ ዘረጋላት።

«አንቺ ሳቢው። ረመዳንን ቀስ ብሎ ይለፍ፣ ከዒድ በኋላ ይውረድ። የወደቀ ተጠግኖ እስኪያልፍ ድረስ ከቁልሉ አይነሳም። ፕሮግራሙን ላዘዙት ደንበኞች እኔ እደውላለሁ፤ ይቆጡኝ።»

ሩወይዳ ማስመሪያውን አልተቀበለችም። «ከዒድ በኋላ እኔ አለሁ?»

«ታዲያ ማን ሊያወርደው ነው? ዑደይ?»

ተቀበለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር የመጀመሪያው መስመር ጠመመባትና ደግማ ሳበችው።

ዒድ አለፈ። አረንጓዴው አንዳንድ ቀን ቆመ፣ አንድ ቀንም ሽቅብ ወጣ፤ ማንም አልጮኸም። መሬት የነካው ሁሉም ሥራ ላይ ባሉበት አንድ ተራ ቀን ነው። ኢንጂነሩ የቀጣይፍ ወቅት ስላለፈ ኩናፋ የሚባል ሌላ ጣፋጭ አስመጣ። ሩወይዳ ገና ሳትቀምስ ስልኳ ጮኸ፤ ሐጃ ፈውዝያ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ስልኬ ተራችሁ ከሰኞ ወደ ነገ ተዛውሯል ይለኛል። ልመነው?»

ሩወይዳ ዞራ መስታወቱን አየች።

«ይመኑት ሐጃ» አለች። «መጋረጃውን ይንከሩት።»