ሩሯ አልፋ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስንት ዘመን ንስሐ ስገባ ይህችን ብቻ እየዘለልሁ ነው የኖርሁት። እንግዲህ አንተ የምታነበው ስማኝ፤ እኔ ሰው ሰብሬአለሁ። ሳላውቅ አይደለም፣ አውቄ ነው።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ለደብረ ታቦር የገና ቡድን እጫወት ነበር። እጫወት ነበር ማለቴ ራሱ ውሸት ነው። ሌሎቹ በቆልማማው ዱላ ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ ይመታሉ፤ እኔ ሰው እመታለሁ። ትከሻዬን አይተው "ግንቡ" አሉኝ። የእኛን ፈጣን ልጅ የነካውን እኔ እነካዋለሁ፣ ሥራዬ ይኸው ነበር። ሕዝቡ "ግንቡ ገባ!" እያለ ያጨበጭባል። ያ ግንብ ግን ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከጽዱ ዛፍ ጀርባ ሄዶ የበላውን ያስመልስ ነበር! እፈራ ነበር፣ አዎ። ዱላውን አይደለም። አንድ ቀን ሳልመታ ብቀር ማን ይፈልገኛል እያልሁ ነው። ሩር መምታትስ ያቅተኝ ነበር? ማን ሞክር ብሎኝ!

የእብናት ቡድን የመጣ ጊዜ አያሌው የሚባል ገበሬ ሩሯን እየነዳ መላ አሳጣን። አሰልጣኛችን ከዳር ሆኖ "ግንቡ፣ ተኛህ እንዴ?" አለኝ። በእሱ አላሳብብም፤ ዱላው በእኔ እጅ ነበር። አያሌው ሩሯን ለጓደኛው መትቶ አሳለፈ። ሩሯ ስትሄድ አይቻታለሁ። ካየሁ በኋላ ነው ጉልበቱን የመታሁት።

በእኛ አገር ገና ላይ የተመታ ካሳ አይጠይቅም፣ ቂምም አይዝም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ነው። ይህችን ተደግፌ አጠገቡ ተንበረከክሁና "ሩሯን ብዬ ነው ወንድሜ፣ በማርያም!" አልሁት። በማርያም ማልሁ! እሱ ጥርሱን ነክሶ "ይቅር ለእግዜር፣ ጨዋታ አይደል?" አለኝ።

ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቀረ። ማረስ ስላልቻለ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። እኔ እየተመላለስሁ ስጠይቀው ወደደኝና ልጁን ክርስትና አንሣልኝ አለኝ፤ አበልጅ ሆንን። ይኸው በየፋሲካው በእጁ ያጎርሰኛል፣ እኔም እውጣለሁ።

ወንድሙ ሞላ ግን ያን ቀን ከሜዳው ዳር ሆኖ አይቶኝ ኖሯል። "ሩሯ ካለፈች በኋላ ነው የመታህ፣ አውቆ ነው" ቢለው አያሌው "አበልጄን በሐሰት ታማለህ!" ብሎ ከቤቱ አባረረው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም። በእናታቸው ተዝካር ላይ እንኳ ሞላ ከበሩ አጠገብ ለብቻው ተቀመጠ፤ እኔ ከአያሌው ጎን ጠላ እጠጣለሁ። ሞላ ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? አንደበቴን ማን ያዘው? ዝም አልሁ። እኔ መታሁት፣ እኔ ዋሸሁት፣ ወንድሙንም የነጠቅሁት እኔ ነኝ።

አሁን ሞላ በጠና ታሟል። ሽማግሎች አያሌውን "ግባና ጠይቀው፣ ወንድምህ እኮ ነው" ቢሉት "መጀመሪያ አበልጄን ይቅርታ ይጠይቅ" አላቸው አሉ። እኔን! ሞላ እኔን ይቅርታ ይጠይቅ! ወይ ጉዴ!

ነገ በጠዋቱ መኪና እብናት እወርዳለሁ። አያሌውን ደግፌ ሞላ አልጋ ዘንድ እወስደዋለሁ፤ ሁለቱም እየሰሙኝ እናገራለሁ። አያሌው ቢያባርረኝ እባረራለሁ። የክርስትና ልጄ ፊቱን ቢያዞርብኝም እችለዋለሁ። ልጅ ነበርሁ አልልም፣ አዘውኝ ነው አልልም።

ይቅርታም አልጠይቀውም። ይቅርታውንማ ያን ቀን ሜዳው ላይ አታልዬ ወስጄበታለሁ። ነገ የምሄደው እሱን ልመልስለት ነው።