ብርብራ የጨመርኩበት ግድብ

ከቤታችን በላይ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ለመስኖ የተሠራ ትንሽ ግድብ አለ። ውሃው ከጫካው ስለሚወርድ በበጋም እጅ ያደነዝዛል። የግብርና ባለሙያዎች ብርድ የሚወድ የዓሣ ጫጩት በበርሜል አምጥተው የለቀቁበት፣ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ባልመጣላት ዓመት ነው። ትራውት ይባላል አሉን። ጎኑ ላይ ቀላ ያለ መስመር አለው። ልጄና አራት ጓደኞቿ ተደራጅተው እንዲጠብቁት፣ ሲያድግም በመንጠቆ እያወጡ እንዲሸጡት ተሰጣቸው።

ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ነበር፤ ዓሣው ሲመጣ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። "ይኼ ከያዘልኝ የትም አልሄድም። ካልያዘልኝ ግን እንዳትለምኚኝ" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ውሃ እፈራለሁ። ያደግሁት ቆላ ነው፣ ከጫግኒ በታች። ታናሽ ወንድሜን እዚያ ወንዝ ወስዶታል፤ ያን ጊዜ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ልጄ የቀርከሃ ዘንጓን ይዛ በወጣች ቁጥር ሥራዬን ትቼ እከተላታለሁ። ትልልቁ ዓሣ ጥልቁን ስለሚወድ እስከ ወገቧ ትገባለች። አንድ ቀን ወገቧን በገመድ አስሬ ጫፉን ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። ጓደኛዋ "እትዬ፣ ፍየል አስመሰሏት እኮ" አለችኝና ሁሉም ሳቁ። ልጄም ሳቀች፤ ገመዱን ግን ፈታችው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ዳንግላ ያለ አንድ ሆቴል ለሠርግ ብዙ ዓሣ አዘዘ። የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አምስቱም ሊገቡ ተቀጣጠሩ። በዚያው ሳምንት ልጄ ጭቃ አዳልጧት እስከ አንገቷ ሰምጣ፣ እያሳላት ወጥታለች። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

አባቴ ዓሣ የሚይዘው በብርብራ ነበር። የብርብራ ፍሬ ደርቆ ይወቀጣል፣ ወንዝ ላይ ይበተናል። ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል፤ በእጅ መልቀም ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የሚረጥብ ሰው የለም። ይህ ትዝ አለኝ። ከጫግኒ ለገበያ በምትመጣ ሴት ፍሬውን አስመጣሁና በሙቀጫ ወቀጥኩት። ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ቀድሜያቸው ወጥቼ ከዳር በተንኩት።

መጀመሪያ ሦስት አራት ሆነው ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው መጡ። ለቅሜ ቅርጫት ውስጥ አደረግኋቸው። ዛሬስ አትገባም ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ሌሎች መጡ፣ ሌሎችም። እስኪያቆም ጠበቅሁ፤ አላቆመም። የአባቴ ወንዝ ወራጅ ነበር፣ መርዙን ይዞት ይሄዳል። ግድብ የቆመ ውሃ መሆኑን እያየሁት አላሰብኩትም። ጣት የማያክሉት ጫጩቶች ሳይቀሩ ተንሳፈፉ።

ልጄ ዘንጓን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከሌሎቹ ቀድማ ደረሰች። ውሃውን አየች፣ ቅርጫቱን አየች።

"እማዬ፣ ምን ጨመርሽበት?"

"ብርብራ ነው። እንዳትገቢ ብዬ ነው" አልኳት።

ዘንጉን ጥላ ገባች። እስከ ደረቷ። ገና የሚላወሱትን እየያዘች ንጹሕ ውሃ ወደሚገባበት ትወስዳቸዋለች፤ አፋቸውን ወደ ወራጁ አድርጋ በሁለት እጇ ደግፋ ትይዛቸዋለች። ውጪ እያልኩ ለመንኳት። ከንፈሯ እስኪጠቁር አልወጣችም። አንድም አልዳነላትም።

ጓደኞቿ ሲመጡ፣ ልጄ "ስደርስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት" አለቻቸው። አንደኛዋ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባለሙያው መጥቶ ውሃው አየር አጥሮት ይሆናል አለ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ከብት ከዚህ ውሃ እንዳይጠጣ አልኩ፤ ሌላ ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ማታ ሙቀጫውን ራሷ አጠበችው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ እወድ ነበር። በሳምንቱ ሳጥኑን ከፍታ ፓስፖርቱን አወጣች፤ አልለመንኳትም፤ በምን አፌ? መስቀል ሳይደርስ ሄደች።

ግድቡ አሁንም ሞልቶ ተኝቷል። ሌላ ዓሣ ያመጣ የለም። ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች። በቀደም የምትሠራበትን ቤት መስኮት በውጭ በኩል ቆማ እንደምታጸዳ ነገረችኝ። ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው አልኳት። እሷ ግን፣ ላሚቱ ወለደች ወይ ብላ ጠየቀችኝ።