ቡላ የገባበት ስልክ

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስልክ በሚገጣጥም ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ብሎን ማጥበቅ ነው። ስልኩ ከፊቷ ሲደርስ ጥቃቅኖቹን ብሎኖች በኤሌክትሪክ መፍቻ ታጠብቅና ከጎኗ ላለችው ታሳልፋለች። ለዘገባ ሄጄ ፋብሪካውን አይቼዋለሁ። ስክሪኑም ባትሪውም ዋናው ሰሌዳም ተሠርቶ ያለቀው ውጭ አገር ነው፤ እዚህ የሚሠራው መግጠም፣ መፈተሽና ማሸግ ነው። ካርቶኑ ላይ «በኢትዮጵያ የተሠራ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው ነገርም አይደለም።

ለመስቀል በዓል እኔም ወደነበርኩበት የእናቷ ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ስትመጣ ፊቷ ደህና ነበር፤ ወሬዋ ግን ደህና አልነበረም። ፋብሪካው ብሎን የሚያጠብቅ ማሽን እየተከለ ነው። በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሴቶች «በዓሉን ዋሉ፣ የምንፈልጋቸውን እንደውላለን» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ይፈልጓት አይፈልጓት አታውቅም። እህቴ ይህን ለጎረቤት አልተናገረችም። ለሰፈሩ ልጅቷ «ስልክ የምትሠራዋ» ናት፣ እንደዚያው እንድትቆይ ፈለገች።

«ማሽን ምን ያስፈራል?» አለቻት እህቴ፣ ጓሮ ውስጥ ጎመን እየቀነጠሰች። «እኛም ዘንድሮ ከጎረቤት ተጋርተን የእንሰት መፋቂያ ማሽን አምጥተናል። ወገቤን አሳረፈልኝ እንጂ ምን ወሰደብኝ?»

«እማዬ፣ እንሰቱ ያንቺ ነው» አለች ልጅቷ። «ስልኩ የኔ አይደለም።»

ስለ ማሽንና ስለ ሠራተኛ ብዙ ባለሙያ አነጋግሬያለሁ። እንደዚህ ባጭሩ የነገረኝ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ ስልክ ቋጥረው መጡ። ስልኩ ውሃ ባልዲ ውስጥ ወድቆባቸው ነበር። ዱራሜ ከተማ ያለችው ልጃቸው በሰው ስልክ ሲደውሉላት «ደረቅ ሩዝ ውስጥ ቅበሪው» ብላቸዋለች። ሩዝ ቤት ውስጥ የለም፤ ለበዓሉ አተካና፣ በቅቤ ለሚሠራው የሀዲያ ምግብ፣ የተዘጋጀ የእንሰት ቡላ ዱቄት ግን አለ። ደረቅ ከተባለ ያም ደረቅ ነው ብለው ቀበሩት። ቡላው ውሃውን ጠጥቶ ተለጠፈ፣ ከዚያ በስልኩ ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ደረቀ።

«ያው ያንቺ ሥራ ነው፣ እዪልኝ» አሏት በሀዲይኛ።

«እማማ፣ እኔ መዝጋት እንጂ መክፈት አላውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ቤቴን የምዘጋው እኔ ነኝ፣ የምከፍተውም እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ለጎረቤቷ እውነቱን ብትነግር እናቷ የደበቀችው ሁሉ ሊወጣ ነው። ስልኩን ተቀብላ «እሞክራለሁ» አለች፤ አብረን ወደ መሃል ከተማ ወረድን።

ገበያው አጠገብ ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን ሰው አለ። አባቱ ከጉራጌ መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው፤ ያኔ ራዲዮ ይጠገንበት ነበር። ከልጅነቷ ያውቃታል።

«የፋብሪካዋ እመቤት! እኔ ጋ ምን እግር ጣለሽ?» አለና ስልኩን አሸተተው። «አተካና ሊሠሩበት ነው እንዴ? ቅቤውስ?»

«ጋሼ፣ አከፋፈቱን ያሳዩኝ።»

ቀጭኗን መክፈቻ ሰጣትና አጠገቧ ቆመ። «ቀስ፤ በር እየሰበርሽ አይደለም።» ክዳኑ ተነሳ። ብሎኖቹን ፈታች፣ የውስጥ ሽፋኑን አወጣች። ጣቷን ሳታሳርፍ አንዱን ክፍል አመለከተች። «ይሄ ምንድነው?»

«ስትሠሪው የኖርሽውን እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«እኔ ጋ ሲደርስ ተሸፍኖ ነው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ግን ማሳየት ጀመረ። ይሄ ድምፅ ማውጫው፣ ይሄ ቻርጅ የሚገባበት፣ ይሄን እንዳትነኪ። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ቡላውን እየፈቀፈቀች አወጣች። ሲደርቅ መዝጋቱ የእሷ ተራ ሆነ። ሰውዬው መነጽሩን ከደረት ኪሱ ፈልጎ ዓይኑ ላይ እስኪያደርግ ስልኩ ተዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አበሩት፣ በራ።

መነጽሩን መልሶ አወለቀ። «እኔ ለአንድ ብሎን ስንት ጊዜ ጎንበስ ብዬ ወለል ላይ እፈልጋለሁ» አለ። «መክፈቱን እኔ ላስተምርሽ። ከበዓል በኋላ ነይ፤ ከጠገንሽው ድርሻሽን ትወስጃለሽ።»

የፋብሪካው ጥሪ የመጣው የበዓሉ ሳምንት ሳያልቅ ነው። ቤት ተቀምጠን ሳለ አለቃዋ ደወለች፤ ልጅቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችን። ተመርጣለች። ሥራዋ ማሽኑ የያዘውን ብሎን ሲጨርስ ሌላ መጨመር ነው።

«ሲበላሽ የሚከፍተው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«ቴክኒሻን አለ። አንቺ አትነኪውም።»

«ልማር ብልስ?»

«እሱ ሌላ ክፍል ነው የኔ እህት። ትመጫለሽ አትመጪም?»

ነገ መልስ እንደምትሰጥ ተናግራ ዘጋች። እናቷ ወሩ ሲያልቅ የማይቀር ደመወዝ ይሻላል አለች፤ የሱቅ ድርሻ ደግሞ ደንበኛ ከመጣ ነው። ልክ ናት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፦ «አጎቴ፣ አንተስ?»

የማውቀውን ነገርኳት። ፋብሪካ ዕቃ ከውጭ ሲጠፋ ይቆማል፤ ማሽኑ ነገ ብሎኑንም ራሱ ይጨምር ይሆናል። የጥገና ሱቅም ይዘጋል፤ ሲዘጋም አይቻለሁ። የቱ እንደሚሻል አላውቅም አልኳት።

«ጋዜጠኛ እንዲህ ነው» አለች እህቴ። «ሁለቱንም ወገን ያነጋግርና ተነስቶ ይሄዳል።»

ልጅቷ ሳቀች። ጠዋት ለአለቃዋ ደውላ አመስግና እንደማትመለስ ነገረቻት። ከዚያ ራሷ ወደ ጎረቤቷ ሄዳ ፋብሪካውን እንደተወችና ስልክ መክፈት ገና እየተማረች እንደሆነ ተናገረች። አሮጊቷን አልገረማቸውም። የተጠገነላቸው ስልክ መናገሩ በቅቷቸዋል።

ባለፈው በዚያ ሳልፍ ሱቁ ገባሁ። ከአንጋጫ የመጡ ሰውዬ የአዲስ ስልክ ካርቶን እያገላበጡ ነው። ልጅቷ ትሠራበት ከነበረው ፋብሪካ የወጣ ነው። «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚለውን አነበቡና መልሰው አስቀመጡት። «የውጭ የለም?»

«ውስጡ የውጭ ነው አባባ» አለች። «ምናልባት የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ክፈቺውና አሳዪኝ።»

እጇ ወደ መክፈቻዋ ሄደ። ከጀርባዋ ባለሱቁ ቀና ሳይል «አዲሱን አይደለም፤ መጀመሪያ ይግዙ» አለ። መሳቢያውን ስባ አንድ አሮጌ ስልክ አወጣች፣ ለሰውዬውም በርጩማ አቀረበችላቸው። ክዳኑን አንስታ ጎንበስ ብለው እንዲያዩ እየጠቆመች «ይሄ ድምፅ ማውጫው ነው» ብላ ጀመረች።