አስተማሪ የማይቀመጥበት አውሮፕላን

ቅዳሜ ጠዋት መቀሌ ዳር፣ ከዓይናለም ሰፈር ወዲያ የታጨደ ማሳ ላይ ቆሜ እንደ እብድ ስጮህ ያያችሁኝ አላችሁ። ቪዲዮው በየስልካችሁ ደርሷል። «ቅናተኛ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝም አላችሁ። እሺ... አሁን ደግሞ እኔን ስሙኝ።

ክብሮም የአከራዬ ልጅ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ መቀሌ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ነው፤ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ እናቱ ግቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ማስተማር ከመጀመሬ በፊት በትንንሽ አውሮፕላን መብረር ተምሬ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ክብሮም ይህን የሰማ ቀን ነው ጉዴ የጀመረው።

ውጭ አገር ቆይቶ ሲመለስ ተገጣጣሚ ጄት ይዞ መጣ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሁለት ትንንሽ ሞተር ያላት፣ ስታይዋት መጫወቻ የምትመስል። ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ ገጠማት። ሐቁን ልናገር... ብሎን በብሎን አይቻታለሁ፣ ሥራው እንከን የለውም።

ችግሩ ሰውየው መብረር አይችልም!

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺ አስተምሪኝ» አለኝ።

«የት ተቀምጬ? መቀመጫው አንድ ነው። ስትሳሳት መሪውን የሚቀበልህ ሰው የለም። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ግባና ሁለት መቀመጫ ባለው፣ ከአስተማሪ ጋር ተማር።»

«እሱማ እገባለሁ። እስከዛ ድረስ መሬት ላይ መንዳቷን ልልመድ።»

ይህ ያስኬዳል። መሬት ላይ ማሽከርከርም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተስማማን። በዝግታ መንዳት ብቻ፤ አፍንጫዋ ቀና ልበል ካለች ወዲያው ማቆም። ለአውሮፕላኗም ገና የመብረሪያ ፈቃድ አልወጣላትም። ጄት ደግሞ እንደ መኪና አይደለም... ጋዝ ስትሰጪው ቆይቶ ነው የሚመልስልሽ፣ ስትቀንሺለትም ቆይቶ። በዚያ ላይ የመቀሌ አየር ከከፍታው የተነሳ ሳሳ ያለ ነው፤ ለመነሳትም ለማረፍም ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሳስረዳው አንገቱን እየነቀነቀ እሺ፣ እሺ ይለኛል።

ቅዳሜ ሜዳው ላይ ስደርስ ሠርግ የገባሁ ነው የመሰለኝ። መኪና ተደርድሯል፣ ሙዚቃ ተከፍቷል። አንድ ጓደኛው ስልኩን እንጨት ላይ ሰክቶ በቀጥታ ያስተላልፋል። «ዛሬ የመቀሌ ልጅ ይበራል!» ይላል።

ደሜ ፈላ።

«ክብሮም፣ ማነው የሚበረው?»

«ተይው፣ ዝም ብሎ ነው። እኔ ተሽከርክሬ እመለሳለሁ።»

«መሬት ለመሬት ለሚሽከረከር ሰው ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊያይ መጣ?»

«በጃኺ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«ወይ ሰዎቹን መልስ፣ ወይ ዛሬ ይቅር» አልኩት። ሄልሜቱን አጠለቀና ገባ። ጓደኛው ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮ «አስተማሪዋ ፈርታለች!» ሲል ሕዝቡ ሳቀ። ሄጄ አውሮፕላኗ ፊት ቆምኩ። ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ያ ያያችሁት ጩኸት የዛን ጊዜ ነው። የተጎተትኩበት ቦታ ግን ከቪዲዮው ተቆርጧል!

ሞተሩ አፏጨ። ቀስ ብላ ጀመረች... ፈጠነች... አፍንጫዋ ቀና አለ። «አቁም!» ብልስ በዚያ ድምፅ ማን ይሰማኛል። ሕዝቡ «ኣጆኻ! ኣጆኻ!» እያለ ያበረታታዋል። ጎማዎቹ መሬት ለቀቁ።

ደንግጦ ጋዙን ዘጋው። ድምፁ ሲወርድ ሰማሁ። ክንፏ ግራ ቀኝ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ዱብ አለች። አንድ ጎማ ተነቅሎ ዘለለ። ማሳውን እየቧጠጠች ሄዳ የድንጋይ ካቡ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ቆመች።

ከሁሉም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። የመስታወቱን ክዳን ከፈትኩት። አልቆሰለም። ግን እጁ የጋዙን እጀታ እንደጨበጠ ደርቋል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መልሼ ጋዝ ሰጠሁት... አልመጣልኝም» አለ በሹክሹክታ። «አልመጣልኝም... አለቀልኝ ብዬ ነበር።»

ጣቶቹን አላቅቄ ሞተሩን አጠፋሁ። ንዴቴ ሁሉ በኖ ላቅፈው እጄን ስዘረጋ... ካሜራው ደረሰ።

«ክብሮም! ምን ተሰማህ?»

ክብሮም ፈገግ አለ። በማርያም... ፈገግ አለ! አውራ ጣቱንም አነሳ።

«ነጻነት! ምንም አያስፈራም። ማንም ሰው ሊሞክረው ይችላል።»

እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። የማስነሻውን ቁልፍ መንጭቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በእግሬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።

ሰኞ ሮማናት አደባባይ ያለ ካፌ ቀጠረኝ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«ጎማዋን እየቀየርኩ ነው። ቁልፉን ስጪኝ።»

«መጀመሪያ እዛ ውስጥ ምን እንደሆንክ ለሰው ተናገር። 'ማንም ሊሞክረው ይችላል' ያልከውን አምኖ የሚሞክር አይጠፋም። ከዚያ ተማርና ና።»

«ሕዝቡ ጅግና ብሎኛል። አሁን ፈርቼ ነበር ልበል?»

«አዎ፣ በል!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው ካፌው በሙሉ ዞረ። ተነስቶ ሄደ። አሁን ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ ሰላም እንኳ አይለኝም።

እናቱ አደይ ለተብርሃን ግን የሚያውቁት ነገር የለም። ትናንት በር ላይ አግኝተውኝ እንደ ሴት ልጃቸው ጉንጬን ሳሙኝ። «ጓለይ፣ ልጄ በረረ አሉኝ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽው፣ እግዚሄር ይስጥሽ።» እኔም ቁልፉ ያለበትን ቦርሳ ብብቴ ሥር ሸጉጬ «አሜን» ብዬ ገባሁ።

«ቁልፉን መልሺለት» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጨቀጭቁኝ ሁሉ... ለአደይ ለተብርሃን መርዶውን የሚነግራቸው ማን እንደሆነ ስሙን ላኩልኝ፤ ቁልፉን ለእሱ እሰጠዋለሁ።